ምንም የማይጨምረው በር

የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው «የኛን ነው የነካህ» የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ከታሪኩ ይረዝማል። ብቻ አንድ አገር ነበረ በሉ፤ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ፣ ነፋሻማ፣ መሀሉ ላይ ሰባት በር ያለው ግቢ የቆመበት። እኔ እዚያ ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። የምነግራችሁን ነገር በገዛ እጄ ስለሠራሁት፣ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ያሳምርላችኋል።

በዚያ አገር አንድ ሰው ጉዳይ ሲኖረው፣ አጥር ማስጠጋትም ይሁን፣ ትዳር መፍታትም ይሁን፣ ለበሬው ስም ማስመዝገብም ይሁን (ለበሬ ስም ማስመዝገብ ግዴታ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሹም ግን አላጋጠመኝም)፣ ጉዳዩን በፍየል ቆዳ ላይ ያስጽፍና ለአንደኛው በር ይሰጣል። አንደኛው በር ቆዳው የበግ ሳይሆን የፍየል መሆኑን ያሸታል። ሁለተኛው በር፣ አንደኛው ማሽተቱን ያረጋግጣል። ሦስተኛው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ አራተኛው፣ ሦስተኛው ሲያነብ የሰማውን እንደገና ይጽፋል። ስድስተኛው በር ይስማማል። ሥራው መስማማት ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተስማምቶ በክብር ጡረታ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ሰባተኛው ላይ የማኅተም አለቃው ይቀመጣል። እሱ ያተመበት ነገር አይፈታም። ንጉሡ ራሱ ተንበርክኮ ቢያለቅስ አይፈታም፤ የአገሩ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነበር።

አምስተኛውን በር የዘለልኩት ረስቼው አይደለም።

እኔ አመላላሽ ነበርኩ። ቆዳውን ከበር ወደ በር የምወስድ። ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። አንድ ጉዳይ አርባ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሹሞቹ ለቅሶ ካላቸው ደግሞ ሃምሳ። አልዋሽም፣ ያ ግቢ ሰው ያጉላላ ነበር። ግን ዛሬ ሳስበው የሚናፍቀኝ ያው መጉላላቱ ነው። ወረፋ ላይ ተዋውቀው የተጋቡ አሉ። ባለጉዳዮቹ ስንቃቸውን አንድ ላይ ፈተው ይበሉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጉዳይ ከራሱ አብልጦ ያውቀው ነበር። ከሦስተኛው በር የሚያነበው ሰውዬ ድምፁ ያማረ ስለነበር፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው እሱን ለመስማት ብቻ የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። የአጥር ክርክር ሲያነብ እንኳ ያስለቅስ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

አምስተኛው በር የእመት አንጓች ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ ነጠላዋን በወገቧ የምትታጠቅ ሴት ናት። ቆዳውን ከእኔ ትቀበልና ግድግዳው ላይ በተተከለው ካስማ ላይ ትሰቅለዋለች። ባለጉዳዩን ውሃ ታጠጣዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ታወራዋለች። ከዚያ «ነገ ፀሐይ ደረጃው ላይ ስትደርስ ና» ብላ ትሸኘዋለች። በነጋታው ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች።

«እንቅልፍ ወሰደህ?»

«እህል ቀመስክ?»

«ዛሬም ጉዳይህ ያው ነው?»

ያው ነው ካለ ቆዳውን አውርዳ ትሰጠኛለች፤ ወደ ስድስተኛው እወስደዋለሁ። ግን ስንቱ ነው አንገቱን ደፍቶ «ተዪው እስቲ እማማ» ያለው! ሚስቱን ሊፈታ መጥቶ በነጋታው የሚስቱን የጥጥ ፈትል ሊሸጥላት ወደ ገበያ የሄደ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ቆዳውን ትመልስለትና «ለማሰሮህ መክደኛ አድርገው» ትለዋለች። የከተማው ሰው ግማሹ ማሰሮውን የሚከድነው በድሮ ንዴቱ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መክደኛውን ገልብጦ እያስነበበ ይስቅ ነበር። እኛም ቤት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የታናሽ ወንድሜ የደርብ።

ደርብና እኔ ከአባታችን አንድ ቦይ ወርሰናል። ውሃው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወደኔ ማሳ ይገባል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ወደሱ። እሑድ ለወፎች ነው ይል ነበር አባታችን። በዚያ ቦይ በዓመት አንዴ እንጣላለን፤ በዓመት አንዴ እንታረቃለን። ከናትና ካባት በኋላ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ብቻ ነበርኩት።

ታዲያ አንድ ዓመት የበሮች ሹም ጌታ ይርዳው ጎረቤት አገር ተልኮ ሄደና አፍሮ ተመለሰ። እዚያ አገር አንድ ባለጉዳይ የጫማው አቧራ ሳይራገፍ ጉዳዩ ሲያልቅ አይቷል። «እኛ አርባ ቀን ስናሸት ሰው ጥሎን ሄደ!» አለ። በማግሥቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በአዋጅ ተከለከለ። የተናገረ ሰው አንድ እንቁላል ይቀጣል ተባለ።

ወሬው እንደ ተሰማ ሦስት ነጋዴዎች ሦስት ዕቃ ጭነው መጡ። አንደኛው ቀይ ሳጥን ይዞ ነበር፤ ሕጉን ሁሉ አንድ በአንድ ከነገሩት ቆዳውን በአንድ ጎን ተቀብሎ በሌላው ያስወጣል፤ ያልነገሩትን ግን አንዲት ነገር አያደርግም። ሁለተኛው የሸማኔ ዕቃ የሚመስል ነገር አመጣ፤ ማንኛውም ሹም፣ የእጅ ሙያ ባይኖረውም፣ የጉዳዩን መንገድ እንደ ጥለት በራሱ ክር ይዘረጋበታል። ሦስተኛው መስታወት ነው። መስታወቱ ምንም አይነገረውም። ከሹሙ ፊት ለፊት አሥር ቀን ይቆማል፤ ሲሠራ ያየዋል፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሹሙ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሦስቱም በእንግድነታችን ጊዜ ሳትከፍሉ ሞክሩ አሉን። ሦስቱም የሌላው ዕቃ ክረምት ላይ ይዝጋል አሉን።

የማወዳደሪያ ሸንጎ ተቋቋመ። ሰባት ሰው ነው፤ ስድስቱ ሹሞች፣ ሰባተኛው ደግሞ በእግሩ የሚያውቀው ሰው ይኑር ተብሎ እኔ። ትልቅ የበሬ ቆዳ ወጥረን በከሰል ሰንጠረዥ ሠራንበት። በላይኛው ረድፍ ሳጥን፣ ሸማኔ፣ መስታወት ብለን ጻፍን። በጎን ደግሞ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስንት ሰው ያሳርፋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ካለን ማኅተም ጋር ይግባባል ወይ? ጌታ ይርዳው አንድ ጥያቄ ከታች በራሱ እጅ ጨመረ፤ «እያንዳንዱ በር በጉዳዩ ላይ ምን ይጨምራል?» ምንም የማይጨምር በር አብሮ እንዲዘጋ።

ሰንጠረዡን ለመጠቀም ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ሰንጠረዡ ራሱ በሰባቱ በር አለፈ። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የበሬ ቆዳ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ነው ማወዳደር ቀላል ነው የሚለው። አንደኛው በር የፍየል አይደለም ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰው። በዚህ ዓይነት ፍጥነትን ለመምረጥ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ፈጀብን።

በመጨረሻ አንድ ተመሳሳይ ጉዳይ ለሦስቱም ሰጠን፤ አጥሩን አንድ ክንድ ሊያስጠጋ የሚፈልግ ሰው ነው። ሳጥኑ ከጠዋት እስከ ምሳ ጨረሰው። ሸማኔው ጫማ አስረው እስኪነሱ ጨረሰው። መስታወቱ ጋ ሰውየው ይቀመጡ ተብሎ ገና ወገቡን ሲያጎነብስ አለቀ፤ ሳይቀመጥ ቀና ብሎ ሄደ። ሸንጎው አጨበጨበ፤ መስታወቱንም መረጠ።

የቀረው የበሮቹ ጥያቄ ነበር። መስታወቱ በየበሩ አሥር አሥር ቀን ቆሞ ያየውን ተናገረ። ስለ አምስተኛው በር እንዲህ አለ፦ «መቶ ቆዳ ገባ። ስልሳ ሦስት ወጣ። ሠላሳ ሰባት ጠፋ።»

ሸንጎው ደነገጠ። አንዱ ሹም «ሠላሳ ሰባት! ምን ታደርጋቸዋለች?» አለ።

«ለማሰሮ መክደኛ ትሰጣቸዋለች» አለ መስታወቱ። ያየውን ነው የተናገረው።

በኛ ሰንጠረዥ ላይ የገባ የሚጻፍበት ረድፍ አለ፤ የወጣ የሚጻፍበት ረድፍ አለ። ታርቆ ወደ ቤቱ የሄደ የሚጻፍበት ረድፍ አልነበረም። ሠሪዎቹ እኛ ነን፤ ማናችንም አላሰብነውም፤ ስናስብ የኖርነው ስለ ቆዳው እንጂ ስለ ሰውየው አልነበረም።

ጌታ ይርዳው ወደኔ ዞረ። «አየልኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሰህበታል። እውነቱን ንገረን። አምስተኛው በር ምን ይጨምራል?»

አውቅ ነበር። የራሴ መክደኛ ቤቴ አለ። ግን ያን ሰሞን ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ መስታወቱ ሥራ ከጀመረ ለአመላላሾች የመስታወት ጠባቂነት ይሰጣቸዋል፣ ወንበርና ጥላ አለው ተብሎ ነበር። አምስተኛው በር ከቀረ ደግሞ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። እንዲያውም የጠየቀኝ ምን ይጨምራል ብሎ ነው፤ መጨመር ደግሞ አትጨምርም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«ምንም አይጨምርም ጌታዬ» አልኩ።

በከሰል ባዶ ክብ አድርግበት አሉኝ። አደረግሁ።

እመት አንጓች ካስማዎቿን ነቅላ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ «ደህና ሰንብት አየልኝ፣ ጉልበትህን በሰናፍጭ እሸው» አለችኝ። ቅር እንኳ አላላትም፤ ወይም ብሏት ይሆናል፤ እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከተማው በደስታ ሰከረ። ወረፋ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው የሚቀመጥበት የወይራ ጥላ ባዶውን ቀረ። እኔ ከመስታወቱ አጠገብ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ አምስት ቅል ተደርድሯል፤ ባለጉዳዩ ሲጨርስ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደተደሰተ ጠጠር ይጥልበታል፤ አንደኛው ቅል ቅሬታ ነው፣ አምስተኛው እጅግ ደስታ ነው። አምስተኛው በየቀኑ ይሞላል። ባዶ የማደርገው እኔ ነበርኩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ማለዳ ማሳዬ ሄድኩ፤ የበርበሬ ችግኜ ጠውልጎ ተኝቷል። ውሃው በእኔ ቀን አልመጣም። ወደ ደርብ ማሳ አሻግሬ ሳይ እርጥብ ነው። ደሜ ፈላ። ቤቱ አልሄድኩም፤ አልጠየቅሁትም። ቀጥ ብዬ ወደ ግቢው ሮጥኩ። እኔው የምጠብቀው መስታወት ፊት ቆምኩና «ከወንድሜ ከደርብ ቁረጠኝ» አልኩ።

ቆረጣ የሚባል ሕግ አለ በዚያ አገር። የተቆራረጡ ወንድማማቾች አይተያዩም፤ በስም አይጠራሩም፤ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፤ አንዱ ሲሞት ሌላው አይቀብረውም፤ ልቅሶው ላይ አይቀመጥም። በአሮጌው ግቢ ዘመን ስንቱ ሰው ቆረጣ ጠይቋል! ሃያ ሁለት ዓመት ስመላለስ ግን ከአምስተኛው በር ያለፈ አንድም የቆረጣ ቆዳ ተሸክሜ አላውቅም።

ወገቤን ማጎንበስ እንኳ አልጀመርኩም። መስታወቱ «ጉዳይዎ ተፈጽሞ ታትሟል። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለኝ።

አሁን የምነግራችሁ የሚያሳፍረኝን ነው። ጠጠር አነሳሁና አምስተኛው ቅል ውስጥ ጣልኩ። በንዴቴ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ ቦዩን ተከትዬ ሄድኩ። ከመጠምዘዣው በታች ጃርት ጉድጓድ ምሶበታል፤ ውሃው በዚያ እየሰረገ በደርብ ማሳ ብቅ ይላል። ወንድሜ እዚያው ጭቃ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ድንጋይና ሣር እየጠቀጠቀ ጉድጓዱን ሲደፍን አገኘሁት። እኔን ሲያይ ሳቀና «ጋሼ! ና እስቲ ያዝልኝ፤ ችግኝህ ሳያልቅ» አለኝ። ያን ጊዜ የግቢው መልእክተኛ የቆረጣውን ቆዳ ይዞለት ደረሰ። መልእክተኞቹም ፈጣን ሆነው ነበር።

ደርብ አነበበው። እጁን በሱሪው ጠረገ። እኔን አላየኝም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕጉ አልፈቀደለትም። ጉድጓዱን ግን ደፍኖ ጨረሰ፤ ውሃውን ወደኔ ማሳ መልሶ ሄደ።

በማግሥቱ መስታወቱን ለመንኩት። «እርቅ» አልኩት። «እንዲህ ያለ ጉዳይ የለም» አለ፣ ቃሌን ሳልጨርስ። ባየው አሥር ቀን ውስጥ ማንም እርቅ ጠይቆ ወደ በር አልመጣም፤ ሰው የሚታረቀው እመት አንጓች ውሃ እያጠጣችው በልቡ ነበር፤ ያንን ደግሞ መስታወት አያይም። ጌታ ይርዳው ጋ ሄድኩ። አዘነልኝ፤ እውነት አዘነልኝ። «አየልኝ፣ ማኅተም ነው፤ ምን ላድርግህ?» አለ። ወንበሩን ለቅቄ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የኔው ግን ፈጥኖ ታሰረና ሊፈታ አልቻለም።

ስድስት ዓመት በአንድ ቦይ ዳርና ዳር ኖርን። ውሃው ተራውን አንድ ቀን አላጓደለም። ቤቴ ሁለቱን መክደኞች አያለሁ፤ የሱን ገልብጬ አነባለሁ፤ «ወንድሜ አየልኝ አህያዬን ሳይጠይቀኝ ስለጫነብኝ» ይላል። ሳቄም ልቅሶዬም በዚያች አህያ ሆነ።

በሰባተኛው ዓመት እመት አንጓችን ፍለጋ ሄድኩ። ከከተማ ውጭ ጎመን ተክላ ትኖራለች። አርጅታለች። አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማማ፣ መልሺልኝ» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ መመለስ አላውቅም» አለችኝ። «የማውቀው ማቆየት ብቻ ነው። ያለፈውን ማን ያቆየዋል?»

ጎመኑን አብረን አረምን። ቆየችና «ወንድሞች አይገናኙም ነው የሚለው ሕጉ?» አለችኝ።

«አዎን።»

«ስለ እንግዳስ ምን ይላል?»

ቀና አልኩ። የእንግዳ ሕግ ከግቢውም ከማኅተሙም በፊት የነበረ ነው፤ ማንም በቆዳ አልጻፈውም፤ መስታወቱም አላየውም። ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው ባለቤቱ ያስገባዋል። ስሙን አይጠይቀውም፤ መጠየቅ ነውር ነው። ያበላዋል። እንግዳው እዚያ ቤት ቢሞት ባለቤቱ እንደ ዘመዱ አልቅሶ ይቀብረዋል።

እስኪመሽ መጠበቅ አልቻልኩም። በቀትር፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ፣ የደርብ ደጃፍ ደረስኩ። በሩን ቢዘጋብኝ መሄጃ አልነበረኝም።

«ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አልኩ።

ደርብ ወጣ። ፀጉሩ ነጥቷል። አየኝ፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አያት፤ እንደገና አየኝ።

«እውነትዎን ነው፤ ጨልሟል» አለ። «ይግቡ፣ መንገዱ አውሬ አለው።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመሽብኛል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እሱም «እርስዎ» ይለኛል። እንደ ባለቤት ወግ ይጠይቀኛል።

«ወንድም አለዎት?»

«አንድ ነበረኝ። በችኮላዬ አጣሁት።»

«ይገርማል» ይላል ወጡን ወደኔ እየገፋ። «እኔም ነበረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።»

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ባለፈው ሳምንት ደርብ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የተቀበለኝ፤ ደረቱን ያፍነዋል። «አንድ ነገር ሳስብ ነበር» አለኝ። «እንግዳ ቢሞት ባለቤቱ ይቀብረዋል። ባለቤት ቢሞት ግን እንግዳ ምን ያደርጋል? እቃውን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ አይቀብርም።»

«አዎን፣ እንደዚያ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው» አለ፣ ጋቢውን ወደኔ እየገፋ፣ «እዚሁ ይሰንብቱና እርስዎ ይቅደሙ።»

በሦስት ዓመት የምበልጠው እኔ ነኝ። እሺ አልኩት፤ ማሳዬንም ለጎረቤት አስረከብኩ።